ቆርቆሮው ስር ኔትወርክ የለም

«ኔትወርክ የለም» የሚል ሰው አጠገብ መቀመጥ አልችልም። ሚኒባስ ውስጥም ይሁን ሻይ ቤት፣ አንዱ ስልኩን ከጆሮው አንስቶ «ኤጭ፣ ኔትወርክ የለም» ሲል ከሰማሁ ደሜ ይፈላል። ሰውየው ምንም እንዳላጠፋ አውቃለሁ። እኔን ግን በዚሁ ንግግር ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያታልሉኝ ኖረዋል፤ ያታለሉኝም ሌሎች ሰዎች ሳይሆኑ የገዛ እናቴና የገዛ ወንድሜ ናቸው።

ቤታችን ከደብረ ታቦር ወደ ጋፋት ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ፣ ኮረብታ ጥግ የተወሸቀ ነው። የስልኩ ታወር ከኮረብታው ማዶ፣ ከከተማው ራስጌ ቆሟል። ኮረብታውን ማን ያንሳው? እኛ ግቢ ውስጥ ስልክ በደንብ የሚሰማው አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ ከቤቱ ወረድ ብሎ ባለው አውድማ ዳር፣ አንዲት ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ። እዚያ ሲደርሱ ኮረብታው ያልቅና የከተማው ቆርቆሮ ከሩቅ ብልጭ ይላል። ደጃፍ ላይ ቆሞም ማውራት ይቻላል፣ ግን እየተቆራረጠ ነው።

እኔ ዓረብ አገር ስድስት ዓመት ሰው ቤት ሠርቻለሁ። ማዳም ስልኬን ከቆለፈችበት መሳቢያ አውጥታ የምትሰጠኝ ዓርብ ከሰዓት፣ ልጆቿን ይዛ እናቷ ዘንድ ስትሄድ ብቻ ነበር። ያችን ሰዓት አባቴም ያውቋታል። የያዙትን ሥራ ትተው አውድማ ይወርዳሉ፣ ድንጋዩ ላይ ይወጣሉ፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ብብታቸው ስር ይከቱና ይጠብቁኛል። ስልክ ሲያወሩ ይጮኻሉ፤ ድምፃቸው በራሱ ጉልበት ባሕሩን መሻገር ያለበት ይመስላቸዋል።

«አንች! ትሰሚያለሽ?»

«እሰማለሁ አባየ፣ አይጩኹ!»

«ደህና ነሽ ወይ?»

«ደህና ነኝ። አንቱስ?»

«እኔማ ምን እሆናለሁ!»

ከዚያ ወሬው ይከተላል። ገብሱ ይዟል፣ ስንዴውን ዋግ ነካክቶታል፣ ቡሬዋ ላም ወልዳለች፣ የጎረቤት በሬ ገደል ገብቷል። ስለ እኔ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ያበሉሻል?» ይሉኛል። አዎ እላቸዋለሁ። «በይ፣ ሥራ አላስፈታሽ» ብለው ይዘጉታል። እኔም ያንን ጩኸት ጆሮዬ ውስጥ ይዤ እስከሚቀጥለው ዓርብ እወለውላለሁ፣ አጥባለሁ፣ እተኩሳለሁ።

በሦስተኛው ዓመት የሳር ቤታችን ፈርሶ ቆርቆሮ ተመታ። ያስመታሁት እኔ ነኝ፤ ስንት ቀን እንደኮራሁበት መናገር ይከብደኛል። ከዚያ ወዲህ ግን ቤት ውስጥ ስልክ ጭራሽ እምቢ አለ። ድሮ ሳር ቤት ሳለን ዝናብ ቢሆን እንኳ ከምሰሶው ጋር ጣሳ ሰቅለው ስልኩን ጣሳው ውስጥ ያኖሩት ነበር፤ ሲጠራ ይሰማል፣ እንደነገሩም ቢሆን ይወራል። አሁን ጣሳውን ቢሰቅሉ፣ መስኮት ላይ ቢያኖሩት፣ ከቆጥ ላይ ቢያወጡት ወይ ፍንክች። ዝናብ የጣለ ዓርብ ሁሉ እኔ ባዶ መስመር ስሰማ እውላለሁ። ከማዳም ሕንፃ ስር የስልክ ዕቃ የሚሸጥ ሰውዬ ነበር፤ ቆሻሻ ልጥል በወጣሁ ቁጥር ቆም ብዬ አዋየዋለሁ።

«የቤታችሁ ጣሪያ ምንድን ነው?» አለኝ።

«ቆርቆሮ ነው፣ ብረት» አልሁት።

«በቃ፣ እሱ ነዋ! ብረት ኔትወርክ አያሳልፍም» ብሎ ሳቀ።

መሳቁ አናደደኝ። ከሰውየው በላይ ግን ቆርቆሮው አናደደኝ። ስንት ደረጃ ወልውዬ፣ ስንት ምንጣፍ አራግፌ ያስመታሁት ጣሪያ የአባቴን ድምፅ ይከለክለኝ ጀመር።

መድኃኒቱን የነገረኝም ያው ሰውዬ ነው። ከጣሪያው በላይ፣ ከፍ ያለ እንጨት ላይ አንቴና ይሰቀላል። ከአንቴናው ገመድ ወርዶ ቤት ውስጥ ካለች ትንሽ ሳጥን ጋር ይገናኛል፤ ሳጥኗ መብራት ላይ ትሰካለች። አንቴናው ከውጭ ያገኘውን ደካማ ኔትወርክ ይለቅማል፣ ሳጥኗ ደግሞ አጉልታ ቤቱ ውስጥ ትረጨዋለች። መብራት ከገባልን ቆይቷልና ምንም የጎደለ ነገር አልነበረም። ገዛሁ። አንድ ወረቀት ላይ ቤታችንን ሣልሁ፤ እንጨቱን፣ አንቴናውን፣ ገመዱ የሚገባበትን ቀዳዳ፣ ወደ ታወሩ የሚያመለክት ቀስት። ከስሩም በትልልቁ እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፦ «አንቴናውና ሳጥኗ አይቀራረቡ። ከተቀራረቡ ይረባበሻሉ፣ ቀይ መብራት ይበራል።» ሁሉንም ጠቅልዬ፣ ዙሪያውን በፕላስተር ጠምጥሜ፣ ወደ አገሯ ለምትገባ የሐሙሲት ልጅ ሰጠኋት። ለታናሽ ወንድሜ በእጁ አስረከበችው።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ የባሰው። ዓርብ እደውላለሁ፣ የምታነሳው እናቴ ናት። «አባየን አቅርቢልኝ» እላለሁ። «እብናት ወርደዋል፣ ከብት ሊያዩ» ትለኛለች። በሚቀጥለው ዓርብ «ጠበል ገብተዋል» ትለኛለች። በሚቀጥለው ደግሞ «ሰርግ ተጠርተው…» ስትል ድምጿ ይቆራረጥና ይጠፋል። መልሼ ስደውል አይገባም። ሲገባ ወንድሜ ያነሳዋል።

«ኔትወርክ የለም እኮ» ይለኛል።

«ሳጥኗስ? ተከላችኋት?»

«ተክለናታል፣ አልሠራችም።»

«ቀይ ነው አረንጓዴ የምታበራው?»

«እ… ቀይ።»

«አቀራርባችኋቸው ነዋ! ወረቀቱን አላየኸውም?»

«አየሁት እንጅ። ሃሎ? ሃሎ? አይሰማም…»

ያልተናደድሁበት ነገር የለም። ታወሩን ኮረብታ ማዶ የተከሉትን ሰዎች ረገምሁ። ኮረብታውን ረገምሁ። ወንድሜን አንድ እንጨት አቁሞ አንድ ገመድ መቀጠል ያቃተው ሰነፍ ብዬ ሰደብሁት፤ በጥንድ በሬ ሲያርስ የሚውለውን፣ ቤት ማገር የሚያውቀውን ሰው! በመጨረሻ የተናደድሁት በአባቴ ነው። እግር አላቸው፣ ድንጋዩ ቦታው ላይ ነው፣ ዓርብን ያውቃሉ። አንድ ዓርብ እንኳ አውድማ ወርደው ድምፃቸውን ማሰማት እንዴት አቃታቸው? ረስተውኛል አልሁ። ቆርቆሮ ካገኙ ልጅ ምን ያደርግላቸዋል አልሁ። እንዲህ ያለ ክፉ ነገር አስቤያለሁ።

አንድ ቀን እናቴን «አባየን ተቀይሜያቸዋለሁ በይልኝ» አልኋት።

መስመሩ የጠፋ መስሎኝ ነበር፣ ግን አልጠፋም።

«እሽ ልጀ፣ እነግራቸዋለሁ» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ወር ስለ አባቴ አንድም ቃል አልጠየቅሁም። በኩርፊያ ልቀጣቸው መሆኑ ነው።

ስድስት ዓመቴን ጨርሼ ስገባ ደብረ ታቦር መናኸሪያ የተቀበሉኝ አጎቴ ናቸው፣ የአባቴ ታናሽ ወንድም። ሻንጣዬን ተሸክመው ወደ ቤት በመውሰድ ፈንታ እዚያው ከተማ ወዳለችው አክስቴ ቤት ይዘውኝ ሄዱ። «ለምን ቤት አልሄድም?» ብላቸው «ደክሞሻል፣ ብይና ተኝ፣ ነገ ትሄጃለሽ» አሉኝ። አክስቴ በላይ በላዩ አጎረሰችኝ። ስልኬን አየሁት፣ የኔትወርኩ መስመሮች ሙሉ ናቸው። «እስቲ ለአባየ ልደውል» ስል ሁለቱም በአንድ አፍ «ኔትወርክ የላቸውም!» አሉኝ።

ሊነጋጋ ሲል ግቢው ውስጥ ሳል ሰማሁ። የአንድ ሰው አይደለም፣ የብዙ ሰው ነው። በሩ ተከፈተና ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች፣ የነፍስ አባታችን፣ አጎቴ፣ ከሁሉም ኋላ ወንድሜ ገቡ። እኛ አገር መርዶ የሚነገረው እንዲህ ነው። ሐዘንተኛው ሳያውቅ ይበላል፣ ይተኛል፣ ጎህ ሲቀድ ዘመድ ተሰብስቦ ይገባበታል። ማንም ብቻውን ሆኖ መርዶ አይሰማም፤ በስልክማ ማርዳት ነውር ነው።

«ልጀ፣ እግዜር ያጥናሽ» አሉ አጎቴ። «አባትሽ አርፈዋል።»

«መቼ?»

«የዛሬ ሁለት ዓመት፣ በሐምሌ።»

ሴቶቹ ጩኸቱን ለቀቁት። ግራና ቀኝ ክንዴን ያዙኝ፣ እንድወድቅ ጠበቁ። እኔ አልወደቅሁም። እንባዬም አልመጣም። ጭንቅላቴ ውስጥ የሚዞረው አንድ ነገር ብቻ ነበርና ወንድሜ ላይ አፈጠጥሁ።

«ሳጥኗስ?» አልሁት።

«የምን ሳጥን ነው የምትለው?» አለች አንዷ ሴትዮ ለቅሶዋን አቋርጣ።

«ማጉያዋ! ቀይ ነው የምታበራው ብለኸኝ አልነበር?»

ወንድሜ አንገቱን ደፋ። «አብዳለች» አሉ። ለአባቷ እንኳ እርሟን ያላወጣች፣ አንዲት እንባ ያላነባች ልጅ ተባልሁ። ይበሉ። አርባቸው ወጥቷል፣ ተዝካራቸው ተበልቷል፣ አገር ሁሉ አልቅሶ ጨርሷል። ዓረብ አገር ያሉት የሰፈራችን ልጆች እንኳ ያውቁ ኖሯል። አክስቴ ደግሞ እያጽናናችኝ ነው ብላ «ጠበል ገብተዋል በያት ብየ እናትሽን የመከርኋት እኔ ነኝ፤ እንዳትጎጅብን ብለን ነው» አለችኝ፣ እንደ ትልቅ ውለታ። የሞተ ሰው ሳኮርፍ የኖርሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ቤት ስደርስ እናቴ ደጃፍ ላይ ቆማ ነበር። እጇን ዘረጋችልኝ። አልፌያት ገባሁ። ይህን ማድረጌን አልክድም። ማጉያዋን ፍለጋ የእናቴን የልብስ ሳንዱቅ ከፈትሁት። ከላይ የአባቴ ጋቢ ታጥፎ ተቀምጧል፤ ከጋቢው ስር ጥቅሌ አለ። እኔ የጠመጠምሁት ፕላስተር ጫፉ እንኳ አልተላጠም።

«ይች ናት የተከላችኋት?» አልኋት።

እናቴ የበሩ መድረክ ላይ ቁጭ አለች።

«መቼ ደረሰች?»

«አባትሽ በተቀበሩ በሁለተኛው ሳምንት።»

«ታዲያ ለምን አልተከላችኋትም?»

«ብንተክላትማ ምን እንልሽ ነበር? አባየን አቅርቢልኝ ስትይኝ ምን ብየ ላምልጥ?»

ከዚያ እንዴት እንዳታለለችኝ ራሷ ነገረችኝ፣ ምንም ሳትደብቅ። ዓርብ ዓርብ ደጃፍ ላይ ቆማ ታወራኛለች። አባየን ባልሁ ቁጥር ፊቷን ሳታዞር ወደ ኋላዋ መድረኩን አልፋ ሁለት እርምጃ ትገባለች፤ ቆርቆሮው ስር። ድምፄ ይቆራረጥና ይጠፋል። አንድ እርምጃ አይበቃም፣ ሦስተኛው አያስፈልግም። ፊደል ያልቆጠረች ሴት ኔትወርክ የሚያልቅበትን ቦታ በእግሯ ለክታ ታውቀዋለች። እኔ ያስመታሁትን ቆርቆሮ እኔኑ ማፈኛ አድርጋዋለች!

«ሁለት ዓመት!» ብዬ ጮህሁባት። «ሁለት ዓመት ሙሉ እማየ! ተቀይሜያቸዋለሁ ስልሽ እንኳ!»

«ያን ቀንስ አፌ ላይ ደርሶ ነበር።»

«ታዲያ ምን ያዘሽ?»

«ማን ይይዝሽ ነበር?» አለችኝ። «በሰው አገር፣ ብቻሽን፣ በር ተቆልፎብሽ። መሬት ስትወድቂ ማን ያነሳሽ ነበር? ያች ሴትዮ ናት የምታነሳሽ?»

እውነቷን መሆኑ ይብሱን አናደደኝ።

በማግስቱ ጠዋት መሰላል አምጡ አልሁ። ለቅሶ ሊደርሱኝ የመጡ ጎረቤቶች አጥሩ ጋ ቆመው አዩኝ፤ አባቷ የሞቱባት ልጅ ጣሪያ ላይ ወጥታ ሚስማር ትመታለች። አንዷ አማተበች። አንድ ረጅም ባህር ዛፍ ከቤቱ ጫፍ አቁመን በሽቦ አሠርነው፣ አንቴናውን አናቱ ላይ ሰቀልነው። ለወንድሜ ከ«ያዝ»ና ከ«ልቀቅ» በቀር ቃል አልሰጠሁትም። ገመዱን በግድግዳው ቀዳዳ አስገብቼ ሳጥኗን ሰካኋት። ቀይ በራ። ልክ ከአንቴናው ስር አስቀምጫት ኖሯል፤ ወረቀቱን የጻፍሁት እኔ፣ የተሳሳትሁትም እኔ። ወንድሜ ሊስቅ ሲል ዓይኔን አይቶ ተወው። ሳጥኗን ወደ ሌላኛው ግድግዳ፣ ወደ ከብቶቹ በኩል ወሰድኋት። ወንድሜን መልሼ መሰላል ላይ አወጣሁት።

«አዙረው፣ ወደ ከተማው… ትንሽ… ትንሽ… ቁም!»

አረንጓዴ በራ። የእናቴን ስልክ አንስቼ አየሁት። ቆርቆሮው ስር፣ መሐል ቤት ላይ፣ መስመሮቹ ሙሉ። ሁለት ዓመት ሳንዱቅ ውስጥ የከረመው ነገር የግማሽ ቀን ሥራ ነበር።

ስልኩን መደቡ ላይ ለተቀመጠችው እናቴ ሰጠኋትና «ሲጠራ አንሺው፣ ልሞክረው ነው» ብያት ወጣሁ። አውድማ ወረድሁ። ድንጋዩ እዚያው ነው፤ አባቴ የሚቆሙበት ጎኑ ከመረገጥ ብዛት ልሟል። ወጣሁበትና ደወልሁ።

«አቤት» አለች እናቴ። ድምጿ ጥርት ብሎ መጣ፤ ከኋላዋ ዶሮ ስታስካካ እንኳ ይሰማል።

«ትሰሚኛለሽ?»

«ጆሮየ ስር ሆነሽ የምታወሪ ነው የሚመስለኝ።»

ለሙከራ ይሄ ይበቃ ነበር። እኔ ግን የወረድሁት ለሙከራ አልነበረም። ክፋት ይዞኝ ነበር፣ አልዋሽም።

«አባየን አቅርቢልኝ» አልኋት።

ምንም አልተቆራረጠም። ትንፋሿን እሰማለሁ። ከመደቡ ስትነሳ፣ እግሯ መሬቱን ሲነካ እሰማለሁ፤ አንድ፣ ሁለት። እዚያ ላይ ቆመች። የለመደችው ሁለት እርምጃ አልጠቀማትም።

«የሉም ልጀ» አለችኝ። «አባትሽ ሞተዋል።»

«መቼ?»

«በሐምሌ። ዓርብ ቀን ነበር። ‹ልጅቱ ትደውላለች፣ አውድማ አውርዱኝ› አሉን። ታመዋል፣ ዝናቡም ይወርዳል። አይሆንም ብለን ከለከልናቸው። ስልኩን ይዘው በር በሩን ሲያዩ ዋሉ። አልጠራም። ወደ ማታ ገደማ አረፉ፣ ስልኩ በእጃቸው እንዳለ።»

ያ ዓርብ የትኛው እንደነበረ አላውቅም። በዚያ ክረምት ደውዬ ባዶ መስመር ያልሰማሁበት ዓርብ አልነበረም።

መጀመሪያ ድንጋዩ ላይ ተቀመጥሁ፣ ከዚያ መሬት ላይ ወደቅሁ። አባቴ ስልክ ሲያወሩ በሚጮኹት ልክ ጮህሁ፤ «አባየ! ይሰሙኛል?» አልሁ። አውድማው ባዶ ነው። ግራና ቀኝ ክንዴን የሚይዝ ማንም የለም። እናቴ ሁለት ዓመት የፈራችው ይህንኑ ነበር፣ እኔ ደግሞ በገዛ እጄ ወረድሁበት።

ስልኩ ከእጄ አምልጦ ሳሩ ውስጥ ወድቋል። እዚያው ሆኖ «መጣሁ! መጣሁ ልጀ!» ይላል። ቀና ስል እናቴ ከደጃፍ ወደ አውድማው እየሮጠች ትወርዳለች። ነጠላዋ ወድቋል፣ አንድ እግሯ ጫማ የለውም፣ ስልኩን ግን አሁንም ጆሮዋ ላይ እንደለጠፈች ናት። «መጣሁ» የሚለው ድምጿ ከሳሩ ውስጥም፣ ከፊት ለፊቴም ይመጣል። ንዴቴ ገና አልበረደልኝም ነበር። ስትደርስ ግን እጄን ዘረጋሁላት።